ዞኑ ሲጠብ፦ ከአዳማ የአንድ ጌም ሰርቨር የሥራ ማስታወሻ

ጳጉሜ 2

ትናንት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሰርቨሩን፣ ማለትም ጌም ተጫዋቾች የምናወራበትን የኢንተርኔት ቤት፣ ዘጋሁት። ማንም እንዳይጽፍ አድርጌ፣ ስልኬን ትራስ ሥር ከትቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 43 የግል መልእክት ጠበቀኝ። ግማሹ «ደግ አደረግክ» ይላል። ግማሹ «አንተም ወገንህ ታወቀ» ይላል።

ነገሩ የተነሳው ከምንም ነው። አራት ልጆች በአንድ ስኳድ (ቡድን) ሆነው ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ፖቺንኪ የምትባለው የጨዋታው ከተማ ገብተዋል። አንዱ ተመትቶ ወደቀ። ጓደኛው ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ አላነሳውም፤ የሞተ ሰው ዕቃ ሲበረብር ነበር አሉ። የወደቀው «ለምን አላነሳኸኝም?» አለ። እስከዚህ ድረስ በየማታው የምንሰማው ነው። ቀጥሎ ግን «ድሮም እናንተ…» አለ። ከዚያ ወዲያ ፐብጂው ቀረ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ምኒልክም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ተነሱ። ጨዋታው ውስጥ ያልነበሩ 30 ሰዎች ገቡበት። እናት ሲሰደብ ዘጋሁት።

ለማያውቁን፦ ሰርቨሩ የተጀመረው ከ4 ዓመት በፊት፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ያኔ 11 ነበርን። ስኳድ ለመጠራራት ነበር የፈለግነው። አሁን 612 ሰው አለ። ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከአሰላ፣ ከአዲስ አበባ፣ ጥቂት ከሐዋሳና ከደሴ፣ አምስት ስድስት ሰው ደግሞ ከዱባይና ከጅዳ። ለድምፅና ለወሬ ዲስኮርድ፣ ለማስታወቂያ ቴሌግራም እንጠቀማለን። አድሚኖቹ አራት ነን፦ እኔ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሉት ባጃጅ ነጂ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ ሞባይል ጠጋኝ። ስም አልጠራም። ሰው ሲቀጣ ቂም የሚይዝ አይጠፋም።

ደንባችን 5 መስመር ነው። ሁለተኛው «ፖለቲካ ክልክል ነው» ይላል። 4 ዓመት ሙሉ እዚያ ተሰቅሏል። ማንም አልታዘዘውም፤ እኛም አላስከበርነውም። ነገር የከፋ ዕለት ብቻ ነው የምናስታውሰው። ያኔ ደግሞ «ትናንት የት ነበርክ?» እንባላለን። ልክ ናቸው።

ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን በደብተር እጽፋለሁ።

ጳጉሜ 4

ዲስኮርድ በፈረንጆቹ 2022 አውቶሞድ የሚባል መሣሪያ አምጥቷል። ቃል ትሰጠዋለህ። ያ ቃል ያለበትን መልእክት ሳይለጠፍ ያግደዋል። ከፈለግክ ጸሐፊውንም ለተወሰነ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የስድብ ዝርዝርም አለው። እሱን አብርቼ በሌላ ስልክ ገባሁና የማውቀውን የአማርኛ ስድብ በሙሉ ጻፍኩበት። አንዱንም አልያዘም። እኔ ግን ይህን ያህል ስድብ እንደማውቅ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩን ራሳችን ሠራን። አንድ ደንብ እስከ 1,000 ቃል ይቀበላል፤ እኛ 212 አስገባን። ለስድብ የዋሉ የብሔር መጠሪያዎች፣ ከጦርነቱ ጋር የመጡ ቅጽል ስሞች፣ የፓርቲ ስሞች። «ምርጫ»፣ «ክልል»፣ «ዞን»፣ «ጦርነት» ሳይቀሩ ገቡ። ስድቦቹን እዚህ አልደግማቸውም።

ወዲያው ሁለት ጣጣ መጣ።

አንደኛው ፊደሉ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑ ፊደላት ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። ሁለት ጸ አለ፣ ሦስት ሀ አለ። 6 አጻጻፍ ሆነ። ሀ እና ሃ ደግሞ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ 12 ሆነ። ተሳዳቢ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን የለበትም። በአንዱ ሲታገድ በሌላው ይጽፋል። ጠጋኙ ሬጀክስ በሚባለው መንገድ ፈታው፦ በአንድ ቅንፍ ውስጥ ጸ እና ፀን አብረህ ታስገባለህ፣ ማሽኑ የመጣውን ይይዛል። አንድ ሌሊት ፈጀበት።

ሁለተኛው ሰዋስው ነው። አማርኛ ቃል ብቻውን አይሄድም። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ከፊቱ ይለጠፋሉ፤ ኦች፣ ው፣ ን፣ ም ከኋላው ይጎተታሉ። ቃሉን እንዳለ ካስገባህ «የ» ስትጨመርበት ማሽኑ አያውቀውም። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ኮከብ አደረግን። ኮከብ ማለት «ምንም ይጨመርበት፣ ያዘው» ማለት ነው።

አሁን ደስ ብሎኛል። ተኩስ የሚያቆም አጥር ሠራን።

መስከረም 1

እንኳን አደረሳችሁ። አጥሩ አበደ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። 71 የታገደ መልእክት። ምን ተነሳ ብዬ ከአልጋዬ ዘለልኩ። ሁሉም ተመሳሳይ ነው፦ «አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤናና የብልጽግና ይሁንልን»። የፓርቲ ስም አስገብተን የለ! ከ2012 በፊት «ብልጽግና» ምርቃት ብቻ ነበር። አሁንም ምርቃት ነው። ማሽኑ ግን የፓርቲውን እንጂ የአያቶቻችንን አያውቅም። አንዷ ልጅ ለምርቃቷ የ10 ደቂቃ ቅጣት ተቆጥሮባት «ይቅርታ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ ጻፈችልኝ። በዓሉን ይቅርታ ስለምን ዋልኩ።

ሌላው ልጅ የመዝሙር ስንኝ ለጥፎ «አብን» በሚለው የፓርቲ ስም ተያዘ። እሱ ስለ እግዚአብሔር አብ ነው የሚያወራው።

መስከረም 3

ዛሬ የታገዱትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብን። በጣም ያሳቀን «ዞን» ነው። ፐብጂ የሚጫወት ሰው በአንድ ግጥሚያ ስንቴ «ዞን» ይላል? ሰማያዊው ክበብ እየጠበበ ይመጣል፤ ውጭ የቀረ ይሞታል። «ዞኑ መጣ»፣ «ዞን ውስጥ ግቡ»፣ «ዞን በላኝ»። ሁሉም ታግዷል። እኛ ያስገባነው የመስተዳድሩን ዞን ብለን ነው። «ምርጫ» የተያዘው «የጠመንጃ ምርጫህ ምንድን ነው» ላይ ነው። «ክልል» የተያዘው አንዱ «የሚድል ኢስት ክልል ፒንጉ ይሻላል» (ኔቱ ይፈጥናል ለማለት) ሲል ነው። ተኩስ ጨዋታ ላይ «ጦርነት» ማገድም የእኛ ጉድ ነው።

በሌላ በኩል ጳጉሜ 2 ላይ የተባለውን ቅጂ ይዘን በአጥሩ ውስጥ አሳለፍነው። ሰርቨሩን ያናወጠውን ያንን ጭቅጭቅ በሙሉ። ከ10 መልእክት 8ቱ ያልፋል! ስድብ የለበትም። «ድሮም እናንተ» የሚል ብቻ ነው።

ዝርዝሩን ወደ 38 ቃል አወረድነው። ሌላ ትርጉም የሌላቸው፣ ለመሳደብ ብቻ የሚነገሩት ቀሩ። ለነዚያ አጥሩ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

መስከረም 9

ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ጀበና ቡና ጋ ተገናኘን፤ አራታችንም። ንፋሱ አቧራውን ሲኒያችን ውስጥ እያራገፈ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን።

ተማሪው ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንዱ የአገራችን ሕግ ነው፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012። እዚያ ላይ ጥላቻ የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሳሳ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱትም ያዛል። እኛ ድርጅት አይደለንም። ግን 24 ሰዓቱን ወሰድናት፦ የደረሰን አቤቱታ ሳይታይ አንድ ቀን አያልፍም።

ልብ በሉ፣ ሕጉ «ፖለቲካ» አይልም። መንግሥትን መውቀስ፣ ፓርቲን መደገፍ እዚያ ውስጥ የለም። የእኛ ደንብ ከአገሪቱ ሕግ በላይ ጠባብ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የብሊትዝቹንግ ታሪክ ነው። የሆንግ ኮንግ ልጅ ነው፤ ሐርትስቶን የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በውድድር ይጫወታል። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2019 ካሸነፈ በኋላ በቀጥታ ስርጭት ስለ ሆንግ ኮንግ ነፃነት መፈክር አሰማ። የጨዋታው ባለቤት ብሊዛርድ 1 ዓመት አገደው፤ የሽልማት ገንዘቡንም ከለከለው። ቃለ መጠይቁን ያደረጉትን ሁለቱን አስተዋዋቂዎችም አገደ። ተጫዋቾች በየአገሩ ጮሁ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ቅጣቱን ወደ 6 ወር አወረደው፤ ገንዘቡንም መለሰ። የተቀጣበት አንቀጽ ሕዝብን የሚያስከፋ ወይም የኩባንያውን ስም የሚጎዳ ድርጊት ምናምን የሚል ሰፊ ነገር ነው። ጋሼ ይህን ሲሰማ «እንደኛው ሁለተኛ መስመር ነዋ» አለ። «ሁሉን ይይዛል፣ የምትይዘውን ግን አንተ ትመርጣለህ።»

ታዲያ መስመሩ የት ይሁን? ብዙ ተጨቃጨቅን። ያገኘው ጋሼ ነው። ባጃጅ ላይ ሰው ሲጨቃጨቅ መስማት ሥራው ነው።

«ሰው ሲጣላ አንተ ይላል። አንተ ሌባ፣ አንተ ውሸታም። እሱ ጠብ ነው፣ ይበርዳል። እናንተ ያለ ሰዓት ግን እኔ ባጃጁን አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሂሳብ አይደለም የሚያወሩት።»

ሁላችንም ዝም አልን። ጳጉሜ 2 ላይ የሆነው ይኸው ነበር። «ለምን አላነሳኸኝም» ጨዋታ ነው። «ድሮም እናንተ» ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛውን መስመር ሰረዝነው። በምትኩ ይህ ገባ፦ «ሐሳብን ተቸ፣ ፓርቲን ተቸ፣ ባለሥልጣንን ተቸ። ያናገርከውን ሰው ግን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ጠቅልለህ እናንተ ካልክ 1 ቀን ዕረፍት ትወጣለህ።» ዕረፍት የምንለው ዲስኮርድ ታይም አውት የሚለውን ነው። ታነባለህ፣ አትጽፍም፣ አትናገርም።

መስከረም 14

አንድ ክፍል ከፈትን። ስሙ «ጀበና»። ፖለቲካ የፈለገ እዚያ ይገባል። የሚታየውም ፈልጎ ለተመዘገበ ብቻ ነው። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይከፈታል፤ ቡናው እንደሚያልቅ ያልቃል። አድሚን ከሌለ አይከፈትም። ዝግታ የሚባለውን ማስተካከያ 2 ደቂቃ ላይ አደረግነው፦ አንድ ሰው አንድ ከጻፈ በኋላ 2 ደቂቃ ይጠብቃል። ዲስኮርድ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ማዘግየት ይፈቅዳል፤ ያ ግን ወሬ ሳይሆን የፖስታ ደብዳቤ ይሆናል።

ተማሪው ፈርቶ ነበር። «በር ከፍተን እሳት ጠራን» አለ። የመጀመሪያው ማታ 96 መልእክት ተጻፈ። ቆጠርኩት። አብዛኛው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ሥራ ፍለጋ ነው። አንዱ ከአሰላ «ቆይ ይሄ ነው እንዴ ፖለቲካው?» አለ። ይሄ ነው ወንድሜ።

2 ደቂቃዋ ከጠበቅኩት በላይ ሠራች። ሰው ተናዶ ይጽፋል፣ ላክ ሊል ሲል ሰዓቱ አልደረሰም። ሲደርስ ያጠፋዋል። ይህን የማውቀው እኔም ሁለት ጊዜ ስላጠፋሁ ነው። በእኔ ላይ ዝግታው እንኳ አይሠራም፤ ባለቤት ስለሆንኩ። እያየሁ ራሴ ጠበቅኩ።

መስከረም 26

የኢሬቻ ሰሞን። ግማሹ ሰርቨር ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ደርሶ መጣ፤ ፎቶው ያምራል። ጠቡ የተነሳው ከፎቶው ሳይሆን ከስሞች ነው።

ልጆቹ ከጨዋታ ስማቸው ጎን ልብ ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አንዳንዱ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ። ስልክ ላይ ያለው የባንዲራ ምስል ደግሞ ኮከብ ያለበት ነው፤ እሱን የሚጠላም የሚወድም አለ። ሦስት ልብ ደርድረህ ምንም ሳትናገር ሁሉን ተናግረሃል። ማሽን አይይዘውም፤ መያዝም የለበትም።

ሁለት ማታ ተከራከርን። ጠጋኙ «ይተው፣ ሰው ማንነቱ ነው» ይላል። ተማሪው «ስኳድ ሲመረጥ ልብ እያዩ ነው የሚመርጡት» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። የወሰንነው፦ ስም ላይ የማንም ባንዲራ አይኖርም፣ የአገርም፣ የክልልም፣ የድርጅትም። በጽሑፍ ውስጥ፣ በበዓል ቀን፣ እንደፈለጋችሁ። አንዱ ወዲያው «የአርሰናልስ?» አለ። እውነቱን ለመናገር አርሰናልና ማንቼ የሚያመጡብን ጣጣ ከፓርቲዎቹ አያንስም። ግን ያንን ከነካሁ ባጃጅ ነጂው ራሱ ይለቃል።

ከዚህ ጋር የከተማችን ስም ተነሳ። ሁሌም ይነሳል። አንዱ «ናዝሬት ያላችሁ ለስኳድ ኑ» ሲል ሌላው «አዳማ በል!» አለው። አዳማ ኦሮምኛ ነው፤ ከቁልቋል ስም የመጣ ነው ይላሉ። በንጉሡ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥቶ ናዝሬት ተባለ። በፈረንጆቹ 2000 አዳማ በይፋ ተመለሰ። እናቴ እስካሁን ናዝሬት ትላለች፤ ፖለቲካ አስባ ሳይሆን እዚያ ስለተወለደች ነው። የሰርቨሩ ስም ላይ አዳማ ነው ያለው፤ የከተማው ስም ነውና። ሰው በአፉ የለመደውን ቢል ግን ማንም አያርመውም። አራሚው ነው ዕረፍት የሚወጣው። እስካሁን ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ከየወገኑ አንድ አንድ። ቢበላለጥ ምን ልባል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ጥቅምት 6

ድምፅ። ይህን ብዙም አልፈታሁትም።

አውቶሞድ ጽሑፍ እንጂ ድምፅ አይሰማም። ልጆቹ የሚሰዳደቡት ደግሞ አብዛኛውን በድምፅ ነው፤ እጃቸው ጨዋታ ላይ ነውና። መጀመሪያ ቁልፍ ተጭነው ብቻ እንዲናገሩ አደረግን። አልሆነም። ብዙው ሰው በአንድ ስልክ ነው የሚጫወተው፤ ዲስኮርዱ ከጀርባ ነው። ለመናገር ከጨዋታው መውጣት አለበት፤ ሲመለስ ሞቷል። በአንድ ማታ አነሳነው።

አሁን ያለው ይህ ነው፦ የድምፅ ክፍሎቹ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ክፉው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ከደብተሬ አየሁ። የተሸነፈ፣ የደከመ፣ ጫት የያዘ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስለ ታሪክ ሲያወራ መልካም ነገር አይወጣውም። «ክለብ ነው እንዴ የምትዘጉት?» አሉን። አዎ፣ እንደዚያው ነው።

ጥቅምት 15

የዲስኮርድ የአድሚን መዝገብ 45 ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደቀጣ ይጠፋል። ደብተር መያዜ ጠቀመኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ባልደምር ይሻል ነበር።

ከመስከረም 9 ወዲህ 31 ጊዜ ዕረፍት ሰጥተናል። በአማርኛ የተጻፈ አቤቱታ ሲመጣ አብዛኛውን በ15 ደቂቃ ውስጥ አይተነዋል። በኦሮምኛ የተጻፈው ግን ሰዓታት ይቆያል፤ ሁለቱ 24 ሰዓቱን አልፈዋል። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ በቁቤ የተጻፈ መልእክት ላይ ጠብ ሲነሳ ሰባት ጊዜ ሙሉውን የመልእክት ልውውጥ አጥፍተናል። ምን እንደተባለ ሳናውቅ። እኔ ኦሮምኛ በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ገበያ እገዛበታለሁ። ተጽፎ ሳየው ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው የማነበው። አራታችንም ያው ነን። አዳማ ተቀምጠን!

ማንም ክፉ አላሰበም። ውጤቱ ግን አንደኛው ወገን ሲበደል ፈጥነን ደረስን፤ ሌላኛው ሲበደል አፉን ዘጋንበት። «አንተም ወገንህ ታወቀ» ያለኝ ልጅ ይህን ሳይደምር አይቶታል።

ጥቅምት 18

አምስተኛ አድሚን አገኘን። ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምራ ትጽፋለች። ስናይፐር ሆና 300 ሜትር ላይ ጭንቅላት ትመታለች። ስትገባ መጀመሪያ የጠየቀችው ደንቡ በኦሮምኛ ለምን አልተጻፈም የሚል ነው። መልስ አልነበረኝም። በነጋታው ጽፋ ለጠፈችው።

ጥቅምት 19

መብራት የለም።

ጥቅምት 23

ነርሷ የእኛን ታላቅ ግኝት አንድ ቀዳዳ አበጀችበት።

ከአርሲ ገጠር የገባ አንድ ልጅ አለ፤ አማርኛ በኋላ የተማረ። ጋሼን «እናንተ ትክክል አይደላችሁም» አለው። ተማሪው ወዲያው 1 ቀን አስወጣው። ልጁ ምንም አልመለሰም። ነርሷ ከተረኝነት ስትወጣ አነበበችው። በኦሮምኛ «ኢሲን» ለብዙ ሰውም፣ ለአንድ ትልቅ ሰውም ነው። ልጁ ጋሼን በዕድሜው አክብሮ «አንተ» ማለት ነውር ሆኖበት የራሱን አክብሮት ወደ አማርኛ አመጣው። እኛ ለአክብሮቱ ቀጣነው።

ጋሼ ሲሰማ ክፉኛ አዘነ። «እኔን ሊያከብረኝ?» አለ። ዕረፍቱን አነሳን፤ ጋሼ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው። አሁን አብረው ይጫወታሉ። ልጁ አሁንም «እናንተ ቀኛችሁን እዩ፣ ሰው አለ» ይለዋል። ጋሼም ብቻውን ሆኖ እንደ ሁለት ሰው ይተኩሳል።

ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ዕረፍት ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ። «ማንን ማለትህ ነው?» በል። ለካ ይህቺ ጥያቄ ከቅጣቱ ትበልጣለች። ከተጠየቁት ብዙዎቹ «አይ፣ እሱን ብቻ» ብለው ያርማሉ። እውነት ሆነ ሐፍረት፣ ለእኔ አንድ ነው።

ኅዳር 2

ተማሪው አዲስ ሐሳብ አመጣ፦ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይፍረዱ። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ጨዋታ በፈረንጆቹ 2011 እንዲህ ያለ ችሎት ጀምሮ ነበር። ተጫዋቾች የሌሎችን ጽሑፍ አንብበው ይቀጣ ወይም ይቅር ይባል ብለው ድምፅ ይሰጡ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ቆመ።

እኛም ሞከርን። ስም ደምስሰን፣ ጽሑፉን ብቻ ለአምስት ሰው ሰጠን። ችግሩ አማርኛ ስም ሳይኖረውም ባለቤቱን ይናገራል። «አቦ» ካለ ከምሥራቅ ነው ይላሉ። ወንዱን «አንቺ» ካለው ጨርሰው ሰፈሩን ያውቁታል። አነጋገሩን እያዩ ሰውዬውን ሳይሆን አገሩን መፍረድ ጀመሩ። ከሦስት ፋይል በኋላ ተውነው። ሽምግልና ስሙን እያወቅክ፣ ፊቱን እያየህ ሲሆን ነው የሚያምርብን።

ኅዳር 11

ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሁሉን እጽፋለሁ ብያለሁ።

ነገ የ16 ስኳድ ውድድር ነው። ሦስት ቀን በደንብ አልተኛሁም። ሽልማቱን ከአንድ ሞባይል ቤት ለምኜ ነው ያመጣሁት። ማታ አንድ ልጅ ከሌላ ከተማ ጻፈ፦ «ሽልማቱ ያው ለአዳማ ልጆች ነው፣ እኛ ለሟሟያ ነን»። አንድ ጊዜ መለስኩ። ሁለት ጊዜ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ «እናንተ ደግሞ ድሮም ሥራችሁ ማልቀስ ነው» አልኩት። የልጁ አገር የት እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

ነርሷ ከሥራ ላይ ሆና አየችው። በአደባባይ ጠየቀችኝ፦ «ማንን ማለትህ ነው?»

እሱን ብቻ ማለት እችል ነበር። ግን አልነበረም። ዝም አልኩ።

ዕረፍቱን ጫነችው። ማሽኑ እምቢ አለ። ዲስኮርድ ላይ የሰርቨር ባለቤትን ማንም ዝም ሊያሰኝ አይችልም። አውቶሞድም አይይዘኝም። ይህን ሁሉ አጥር ስሠራ እኔ ከውጭ ነበርኩ። ነርሷ «እኔን አልሰማኝም። አንተ ግን ደንቡን ታውቀዋለህ» ብላ ጻፈች። 600 ሰው አነበበው።

ለልጁ በግል ይቅርታ ጻፍኩ። ከዚያ ከዲስኮርዱ ወጣሁ።

ኅዳር 12

የውድድሩን ክፍል ጠጋኙ ከፈተው። እኔ ፖስታ ቤት ጋ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጆች በየጥጉ ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል፤ ከእነሱ ስንቱ የእኔን ውድድር እንደሚጫወት አላውቅም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጋሼ ደወለ።

«ማን አሸነፈ?» አልኩት።

«እነሱ» አለ።

«እነሱ እነማን?»

«ስኳድ 7 ማለቴ ነው» ብሎ ሳቀ። «አንተ ደግሞ ገና 1 ሰዓት ይቀርሃል፤ ስልኩን ዝጋ።»